ከበሮው የተሰበረው የት ላይ ነው?

ዲምቱ ውስጥ በአንዲት ቤተክርስቲያን ጥግ፣ ጠርዙ በተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰባት ወር የተቀመጠ ኤሌክትሮኒክ ድራም ነበር። «ይሄ ሞቷል» ብዬ የፈረድኩበት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሶፍትዌር ሥራ ነው የምሠራው፤ የተማርኩት ደግሞ ኢንጂነሪንግ ነው። በመስከረም ለጊፋታ ወደ ዘመዶቼ ስወርድ አንድ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ እጄን ይዘው ወሰዱኝና «ልጄ፣ አንተ የተማርክበት ነገር ነው፤ እስቲ እየው» አሉኝ። ሰካሁት፤ መብራቱ በራ። ስኔሩ ግን ጭራሽ አይሰማም። አንዱ ሲምባል ጠሽ ብሎ ወዲያው ይቆረጣል። ቤዙ ሲረገጥ ደግሞ ማንም ያልነካው ቶም አብሮ ይጮኻል። አሥር ደቂቃ ነካክቼ፣ ስልኬን ከፍቼ አንድ ሁለት ነገር አየሁና «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ አዲስ መግዛት ይሻላል» አልኩ።

ምእመኑ በቆሎ እየሸጠ አዋጥቶ የገዛው ዕቃ ነው። «አዲስ ግዙ» ማለት ለእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእነሱ ስንት የመኸር ወቅት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው፦ ማን አቃጠለው? ድራሙን የሚመታው የአክስቴ ልጅ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ማንም አልተቆጣውም። «እጁ ትንሽ ከበድ ይላል» ብቻ ተባለ። ልጁ ከፊት ወንበር ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቆይቶ ደግሞ መምጣቱንም ቀነሰ። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ በስልክ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን።

በዚያ ሰሞን የኃይሉ መርጊያን ሙዚቃ እሰማ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኃይሉ በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ለዝግጅት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን አንድ አልበም ቀዳ። በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ያወቀው ይኸው ነው። ባንዱ አጠገቡ የለም፣ ድራመርም የለም፤ ምቱን የሚጠብቅለት ማሽን ነው። ይሄን ማሽን መጀመሪያ የሠራው ማነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ንባቡም አንድ ጠጋኝ ዘንድ አደረሰኝ።

ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1930 ኦሳካ ተወለዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ሰዓት እየጠገኑ መኖር ጀመሩ። ከሰዓት ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ኦርጋን እያሉ በ1972 ሮላንድን መሠረቱ። ኩባንያው በ1980 ያወጣው ቲአር-808 የተባለው የምት ማሽን ሲጀመር ብዙ ፈላጊ አልነበረውም፤ 12 ሺህ ገደማ ተሠርቶ በ1983 ቆመ። ካኬሃሺ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ያ የማሽኑ መለያ የሆነ ሻካራ ድምፅ የመጣው ፋብሪካ ጉድለት አለባቸው ብሎ ካገለላቸው ትራንዚስተሮች ነው። የተጣለውን ገዝተው፣ አዳምጠው፣ ከመካከሉ የሚሆነውን መረጡ። እኔ ግን አሥር ደቂቃ እንኳ በቅጡ አላዳመጥኩም።

የሚመታው ኤሌክትሮኒክ ድራም ታሪክ ደግሞ ትንሽ ለየት ይላል። ሥሩ እስከ 1880 ይወርዳል። ፒየርና ዣክ ኪዩሪ የተባሉ ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያረጋገጡት በዚያ ዓመት ነው። ዛሬ በየፓዱ ሆድ ውስጥ ያለችው ከሳንቲም ትንሽ የምትሰፋ ክብ የናስ ዝርግ፣ ፒዬዞ የምትባለው፣ የዚያ ግኝት ልጅ ናት። ጀርባዋ ላይ ስስ ሴራሚክ ተለጥፏል። ዱላው ፓዱን ሲመታ ዝርጓ ትንሽ ትታጠፋለች፣ ኤሌክትሪክ ትወልዳለች፤ ሞጁሉ ያንን አንብቦ «ይሄን ያህል ተመታ» ይልና የተቀዳ ድምፅ ያወጣል። ድራሙ ራሱ ድምፅ የለውም። ከዱላው እስከ ድምፁ ያለው መንገድ ይኸው ነው፦ ጎማ፣ ስፖንጅ፣ ዝርግ፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ ጃክ፣ ኬብል፣ ሞጁል። ድምፅ ሲጠፋ ከእነዚህ አንዱ ጋ ተቋርጧል ማለት ነው።

የመሣሪያው ታሪክም የቅሬታና የጥገና ታሪክ ነው። በ1971 የሙዲ ብሉዝ ድራመር ግሬም ኤጅ ከአንድ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጋር የሠራው የመጀመሪያው ሙከራ ነው። በ1981 እንግሊዝ ውስጥ ሲመንስ ኤስዲኤስ-5 ወጣ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ፓዱ የሚያምር ነበር፤ ግን ከጠንካራ ፕላስቲክ ስለተሠራ መቺዎቹ የእጅ አንጓ ሕመም አማረሩ። ስለዚህ ጎማ መጣ። በ1983 ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋ ሲወጣ የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ከሌላው ጋር መነጋገር ቻለ። ጎማው ከበሮ ከበሮ አይልም ሲባል ደግሞ በ1997 ሮላንድ ከሬሞ ጋር ሆኖ እንደ ወንፊት የተሸመነ ቆዳ ያለው ድራም አወጣ። በየደረጃው አንድ ሰው «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሏል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሰምቶታል።

እንዲህ ያለ ዕቃ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የማይከፈት ሣጥን ይመስለናል፤ ተምሬያለሁ ለምለው ለእኔም ጭምር። ወላይታ ውስጥ ይሄ ሊሆን አይገባም ነበር። ሚሲዮናውያን በ1928 ወደ ሶዶ መጡ፣ በ1937 በጣሊያን ወረራ ዘመን ተባረሩ። ትተውት የሄዱት ጥቂት ደርዘን የተጠመቀ ሰው ነው፤ ሲመለሱ ምእመኑ ወደ አሥር ሺህ ደርሶ አገኙት። አያቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ «ፈረንጅ የለ፣ መሣሪያ የለ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል» ነበር የሚሉት። ከውጭ የመጣን ነገር ባለቤቱ ሲሄድ የራስ አድርጎ ማስቀጠል ለዚህ አገር አዲስ አይደለም።

ለፋሲካ ተመልሼ ሄድኩ። የአክስቴን ልጅ አብሮኝ እንዲሠራ ለመንኩት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። «እሱን ገና አላወቅንም» አልኩት። ጨርቁን አነሳን።

በሶፍትዌር ሥራ ስህተት ስንፈልግ መንገዱን ለሁለት ከፍለን፣ ጤነኛውን ግማሽ እየተውን እንሄዳለን። እዚህም ያው ነው። ምንም ሳንፈታ ኬብል ብቻ አለዋወጥን። በመጀመሪያ የስኔሩን ኬብል ነቅለን ደህና በሆነው ቶም ላይ ሰካነው፤ ቶሙን ሲመታው የስኔር ድምፅ ወጣ። ስለዚህ ኬብሉም ሞጁሉም ደህና ናቸው። ቀጥሎ የቶሙን ኬብል ስኔሩ ላይ ሰካነው፤ ዝም። ስለዚህ ችግሩ ያለው ስኔሩ ሆድ ውስጥ ነው። «ተቃጥሏል» ያልኩት ቦርድ ከወንጀሉ ነጻ የወጣው በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም።

ሲምባሉ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ኬብሉ ነበር። የጃኩን ጫፍ ስታዩ፣ ጥቁር ቀለበቱ አንድ ከሆነ ሞኖ ነው፣ ሁለት ከሆነ ስቴሪዮ። ሲምባሉ መሃሉ ሲመታና ዳሩ በእጅ ሲያዝ ሁለት የተለያየ ነገር ስለሚናገር ስቴሪዮ ይፈልጋል። አንድ ሰው ኬብሉን ለሌላ ሥራ ወስዶ በምትኩ የጊታር ኬብል ሰክቷል፤ ያ ሞኖ ነው። የዳሩ መስመር ከመሬቱ መስመር ጋር ስለሚነካካ ሞጁሉ ሲምባሉ ሁልጊዜ በእጅ የተያዘ ይመስለዋል፤ ድምፁን ይቆርጠዋል። ይህ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ የሙዚቃ ልጅም አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኙበት መሰኪያ ነበር። ዛሬም ሥራው ያው ነው፤ መስመር ከተሳሳተ ሰው አይገናኝም።

ቤዙ ሲረገጥ ቶሙ የሚጮኸው ንዝረቱ በብረቱ በኩል ስለሚሻገር ነው። መያዣው ላይ የላሉ ብሎኖች ነበሩ፤ አጠበቅናቸው፣ አብዛኛው ጠፋ። የቀረውን በሞጁሉ ላይ ትሬሾልድ የሚለውን በትንሹ ከፍ አድርገን ዘጋነው። ትሬሾልድ ማለት «ከዚህ በታች ያለውን አትስማ» የሚል ወሰን ነው። አብዝተው ከፍ ካደረጉት ለስላሳ ምትም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብሎን፣ ከዚያ ቁጥር።

ስኔሩን ስንከፍት ከዝርጓ አንዱ ሽቦ ተላቋል። እዚህ ጋ እኔ ሁለተኛ ጥፋት አጠፋሁ። መበየጃውን አግዬ፣ እንዲይዝልኝ ብዬ ሴራሚኩ ላይ ረዘም አድርጌ ያዝኩት። ሽቦው ያዘ፤ ድምፅ ግን የለም። ሴራሚኩ ሙቀቱ ከወሰን ሲያልፍ ጠባዩን ያጣል፤ ያ ወሰን ራሱ የኪዩሪ ሙቀት ይባላል። ስሙን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ እጄ ግን አያውቀውም።

በማግስቱ በሚኒባስ ሶዶ ወጣን። አንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰውዬ ዝርጓን ገለባበጡና ከአንድ ሣጥን ውስጥ የሞተ ማንቂያ ደወል አወጡ፤ ፈቱት። ውስጡ ያቺው ዝርግ አለች። «ይቺ ስትሰጣት ትጮኻለች፣ ስትመታት ትናገራለች፤ አንድ ናት» አሉ። ከዚያ መበየጃውን ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ሰጡት። «ብረቱ በደንብ ይጋል፣ አንተ ግን ነክተህ ሽሽ። አንድ፣ ሁለት፣ በቃ።» ልጁ ነክቶ ሸሸ። የምት ሰው አይደል፣ ጊዜ ያውቃል። በቴስተር አዩት፤ መስመሩ ደርሷል።

ሊወጡ የሚችሉትን ጥያቄ እዚያው ጠየቅኳቸው፦ ሽቦው የተላቀቀው በኃይል ስለተመታ ነው? ድራሙ ለኮንፈረንስ በባጃጅ ሲመላለስ ኬብሉ ተጎትቶ ሊሆን ይችላል አሉ፤ ከምት ብዛትም ሊሆን ይችላል። «ቢሆንስ? ድራም የተሠራው ሊመታ አይደለም እንዴ? ሽቦ ይለቃል፣ ይበየዳል።» ገንዘቡን ሲቀበሉ «ኢንጂነር፣ ለምን ቀድማችሁ አላመጣችሁትም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰውዬው እዚያው ነበሩ፤ ደጃቸውም ክፍት ነበር። ያልመጣነው እኔ «ሞቷል» ስላልኩ ነው። የተማረ ሰው ከተናገረ በኋላ ማን ይጠይቃል?

ማታ ሽማግሌው ባሉበት ድራሙን ሰካነው። ልጁ ከመምታቱ በፊት እኔ መናገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ቦርዱ አልተቃጠለም ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የልጁ እጅ ምንም አላደረገም» አልኳቸው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ ዞረው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ልጄ?» አሉት።

መታው። ስኔሩ ከድሮው ትንሽ ቀጠን ይላል፤ የደወሉ ዝርግ መጠኗ ትንሽ ያነሰ ነበር። እሱም ሰማው፤ ዱላውን አስቀምጦ ሞጁሉ ላይ ጎንበስ አለና ቁጥሩን ማስተካከል ጀመረ። እኔን አልጠየቀኝም።