ሸዋ ሮቢት መንገድ ላይ የሌለው ውሃ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ብርድና ጭጋግ ይቀበላችኋል። ጣልያን በ1930ዎቹ ያስፈለፈለውን ዋሻ ስታልፉ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጋቢው ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ጊዜው የበጋ እኩለ ቀን ከሆነ ደግሞ ከፊታችሁ አስፋልቱ ላይ ውሃ ተኝቶ ታያላችሁ። መኪናው ሲጠጋው ውሃው ይሸሻል።

ልጅ ሆኜ ይሄን ሳይ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ «አባባ፣ ዘንቦ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሙቀቱ ነው ልጄ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ግን ሙቀት እንዴት ውሃ ይሠራል? መልሱ ብርሃን እንደሚያልፍበት ነገር ፍጥነቱን የሚቀያይር መሆኑ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር አስፈልጓል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የቆመ ማንኪያ የተሰበረ ይመስላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው፤ ይህ ድሮም ይታወቅ ነበር። ያጣላው ምክንያቱ ነው። ፈረንሳዊው ፌርማ በ1662 ብርሃን ውሃ ውስጥ ይዘገያል፣ የሚታጠፈውም ቶሎ የሚያደርሰውን መንገድ ስለሚይዝ ነው አለ። ኒውተን ግን በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ተቃራኒውን ያዘ፦ ውሃና መስታወት ብርሃንን ስለሚስቡት ይፈጥናል። በዚያ ዘመን ኒውተንን ማን ይደፍራል? የሚለካ መሣሪያም አልነበረም።

በ1850 ፓሪስ ውስጥ ፉኮ በኃይል የሚሽከረከር መስታወት ተጠቅሞ በአየር የሚሄደውን ብርሃንና በውሃ የሚሄደውን አወዳደረ። የውሃው ዘገየ። ኒውተን ተረታ። ዛሬ ቁጥሮቹን እናውቃቸዋለን፦ ብርሃን በባዶ ጠፈር በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በውሃ ወደ 225,000፣ በተራ መስታወት ወደ 200,000፣ በአልማዝ ወደ 124,000 ይወርዳል።

አየር ግን ብዙም አያዘገየውም፤ የሚቀንስበት በሰከንድ ከ90 ኪሎ ሜትር በታች ነው። የጋለ አየር ደግሞ ስለሚሳሳ፣ ውስጡ ብርሃን በጥቂቱ ይፈጥናል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎን ለጎን የሚሄዱ ልጆችን አስቡ። በአንድ ጫፍ ያሉት ሲፈጥኑ ሰልፉ ወደ ዘገዩት ይዞራል። ከሰማይ ወደ አስፋልቱ በሰያፍ የሚወርደው ብርሃንም ከታች በኩል ስለሚፈጥን ተጣጥፎ ወደ ላይ፣ ወደ ዓይናችሁ ይመጣል። ውሃ የመሰላችሁ ሰማዩ ነው። በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ የዘመተው ሞንዥ፣ ወታደሮቹ በረሃ ላይ ሐይቅ እያዩ ሲታለሉ ተመልክቶ ነገሩ ከጋለው አየር የመጣ መሆኑን ጽፏል።

እኛ አገር ይህ ነገር የባሰ ራስ ምታት የሆነበት ሰው አንቷን ዳባዲ ነው። በ1838 ምፅዋ ገብቶ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቆየ፤ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፣ በኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይፋትን ሳይሆን በአብዛኛው ሰሜኑንና ምዕራቡን ነው የለካው። የሚሠራው ከአንድ ተራራ ሆኖ የሌላውን ጫፍ በማዕዘን መለኪያ እያየ ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ይጎብጣል። 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ተራራ በተለመደው ሁኔታ ከእውነተኛ ቁመቱ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ጉብጠቱን ሳይቀንስ ቁጥሩን ካርታ ላይ ቢያሰፍር፣ አገሩን ሁሉ ያሳስተዋል።

ጥያቄው አልለቀቀውም። ፈረንሳይ ውስጥ እንዳይ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ግንብ ሲያሠራ፣ ከሩቅ ያለውን የላ ሩን ተራራ እያየ የብርሃንን ጉብጠት ሊያጠና ብሎ ግድግዳዎቹን በቀጥታ መስመር አስበሳ። አልተሳካለትም። በባስክ ቋንቋ አላየሁም፣ አልተማርኩምም የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። የተሳሳተን ሙከራ አፍርሶ መደበቅ ሲችል በድንጋይ ጽፎ አስቀመጠው።

አንድ ቀን ደብረ ሲና ካደራችሁ በጠዋት ተነስታችሁ ቆላው ወደተዘረጋበት ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ፀሐይ አድማሱን ነክታ ብቅ ስትል የምታዩት የጎበጠ ብርሃኗን ነው። እሷ ራሷ ገና ከአድማስ በታች ናት።