ፈሰስ

በአገው ምድር ክረምት ሲገባ ገበሬ አስቀድሞ የሚያስበው ለውሃው መውጫ ነው። እንጅባራ ዙሪያ በዓመት ከ2000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ውሃው ማሳ ላይ ከተኛ ዘሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ አባቴ ዘርቶ ሲያበቃ፣ በሬዎቹን ሳይፈታ፣ ማሳውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ጠለቅ ያለ ትልም ያወጣል። ፈሰስ እንለዋለን።

አንድ ዓመት ውሃው ቶሎ ይውጣልኝ ብሎ ፈሰሱን ቁልቁል ለቀቀው። ነሐሴ ላይ ከታች ያለው የጎረቤታችን ማሳ በቦረቦር ተሰነጠቀ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ «ውሃ የእግዜር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ጎረቤታችን «ውሃውስ የእግዜር ነው አያ፤ ትልሙ ግን ያንተ ነው» ብሎ መለሰለት።

ከዓመታት በኋላ የውሃ ምህንድስና ክፍል ቁጭ ብዬ ያንኑ ክርክር በቀመር መልክ ሰሌዳ ላይ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1879 ዱ ቧ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የሮን ወንዝን ደለል ሲያጠና፣ ውሃ ወለሉን እየፈተገ የሚጎትትበት ኃይል በጥልቀቱና በተዳፋቱ እንደሚወሰን ጻፈ። ዛሬ ሺር ስትሬስ የምንለው ይህን ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ በ5 በመቶ ተዳፋት ሲወርድ፣ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ወለል 10 ኪሎ ክብደት በሚያህል ኃይል ይጎትታል። በ1936 ደግሞ ሺልድስ የተባለ አሜሪካዊ በርሊን ውስጥ በቤተ ሙከራ ቦይ አሸዋ እያስኬደ፣ ቅንጣት ከቦታዋ የምትነሳበትን ልክ አገኘ። በእሱ ስሌት የአባቴ ፈሰስ ጡጫ የሚያህል ልቅ ድንጋይ ያንከባልላል። ሸክላ አፈር ግን እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ የራሱ ልክ አለው፤ እሱን እዚያው ማሳው ላይ መለካት ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቦዩን በሺህ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍላል፤ በወለሉና በጎኑ ላይ ያለውን ጉተታ ያሰላል፤ ከልኩ ካለፈ አፈሩን ያነሳል፤ ከዚያ በተለወጠው ቦይ ላይ እንደገና ያሰላል። እኔም የአባቴን ፈሰስ አስገባሁት። ተዳፋቱን ወደ ግማሽ በመቶ ሳወርደው ጉተታው በአሥር እጅ አልቀነሰም፤ ውሃው ሲዘገይ ጥልቀቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይጨምራላ! ቢሆንም አምስት እጅ ገደማ ቀነሰ። ያኔ አባቴም ሞኝ እንዳልነበረ ገባኝ። የተጋደመ ፈሰስ ሰፊ መሬት ይበላል፤ ጠባብ ማሳ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የአገራችን ልኬትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1984 ምዕራብ ጎጃም፣ አንጀኒ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። እዚያ ጎርፉ ሲደፈርስ ውሃ በጠርሙስ እየተቀዳ የሚሄደው አፈር ይለካ ነበር፤ ተዳፋቱም በእርከን እንዲሰበር ተደረገ።

እኛ መንደር ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ፈሰሱ ይጋደም፣ ሁለቱም ድንበራቸው ላይ ሣር የለበሰ አንድ የጋራ መፋሰሻ ያውጡ። አወጡ። ቦረቦሩ ግን መናዱን አላቆመም። ጎረቤታችን አባቴን በጥርጣሬ ማየት ጀመረ፤ ሰላምታቸውም ቀዘቀዘ።

መልሱን ያገኘሁት ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ፣ ደብረ ማዊ ላይ ከተሠራው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በቦረቦሮቹ ዙሪያ ቱቦ ቀብረው የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍታ ለኩ። ቦረቦሩ አጥብቆ የሚሰፋው ውሃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ በቆመበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳው ከውስጥ ይረጥባል፣ ይከብዳል፣ ይናዳል፤ ጎርፉ የወደቀውን ጠርጎ ይሄዳል። የእኔ ስሌት ፊቱን የሚፈትገውን ውሃ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ውሃ የማን ነው?» አለኝ።

«ከላይ ያሉት ማሳዎች ሁሉ ነው አባባ።»

«እንግዲያ» አለ፣ «ሽማግሌው ሊበዛ ነው።»