መጤውን ዛፍ ማን ተከለው? የአሽዶድ አሸዋና የወጣት አገልግሎት ታሪክ

በመጋቢት ወር ከአሽዶድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኒጻኒም አሸዋ ብትወጡ ጉብታው ቢጫ አበባ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ያምራል፣ ለምን ይዋሻል! እኔም ለብዙ ዓመት የቦታው የጥንት ዛፍ ይመስለኝ ነበር። ሼሩት ሌኡሚዋን በተፈጥሮ ጥበቃ የምትሠራ የጎረቤቴ ልጅ ናት ያረመችኝ። "ይኼ እኮ ወራሪ ነው፤ እኛ እንቆርጠዋለን" አለችኝ።

ቤቷ ግን ሥራው አልተወደደላትም። አያቷ "ልጄ፣ ዛፍ ቆረጣ ነው እንዴ አገልግሎት? እኛ ስንተክል አይደል የኖርነው?" አሏት። ጓደኞቿ ደግሞ "መጤ መጤን ይነቅላል" ብለው ቀለዱባት። ሳቀች፤ ቀልዱ ግን እንደቆረቆራት ታውቆኛል። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ዛፉን ማን እንዳመጣው ለማየት ወደ ታሪኩ ሄድኩ።

ዛፉ በዕብራይስጥ ሺታ ክሐልሐላ ይባላል፤ የአውስትራሊያ ግራር ነው። በራሱ አልመጣም። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1922 ስለ ተንቀሳቃሽ አሸዋ ሕግ አወጣ። ያኔ አሸዋ መንገድና እርሻ የሚውጥ ጠላት ነበር፤ በደረቅ አሸዋ ቶሎ የሚበቅለው ይህ ግራርም እንዲይዘው ተተከለ። መንግሥት ከቆመ በኋላም ተከላው ቀጠለ። አሽዶድ ራሷ በ1956 በአሸዋ ላይ ተቆረቆረች፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከሞሮኮ የመጡ ዖሊሞች ነበሩ። በነዚያ ዓመታት በመላ አገሪቱ ሥራ ያጡ አዲስ ገቢዎች በቀን ሂሳብ ዛፍ እንዲተክሉ ይሰማሩ ነበር። ተካዮቹ ጥፋተኞች አይደሉም፤ የታዘዙትን ሠሩ፣ ልጆቻቸውንም አበሉ።

ዛሬ ግን ጥያቄው ተገልብጧል። የባሕሩ ዳር አሸዋ አብዛኛው በግንባታ አልቋል፤ ኒጻኒም ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። እዚያ የሚኖሩት እንሽላሊቶችና ዕፅዋት የሚፈልጉት የሚንቀሳቀስ፣ ገላጣ አሸዋ ነው። ግራሩ አሸዋውን ያስራል፣ በቅጠሉ ይሸፍነዋል፣ በሥሩ ናይትሮጅን ጨምሮ አፈሩን ይለውጠዋል። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጉቶው ወዲያው መድኃኒት ይቀባል። ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ እሳት ሲነካው ጭራሽ ይበረታታል። ታዲያ ሥራው የአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ተመልሶ ችግኙን በእጅ መንቀል ይጠይቃል።

ይህ የአሽዶድ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ ከ1933 እስከ 1942 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሥራ ያጡ ወጣቶች በመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ ካምፖች አገልግለዋል። በወር 30 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ 25ቱ ለቤተሰብ ይላካል። በቢሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ተከሉ። አፈር እንዳይሸረሸር ብለው ኩድዙ የሚባል የእስያ ሐረግም ተከሉ፤ ዛሬ ሌሎች ወጣቶች ያንኑ ሐረግ ሲነቅሉ ይውላሉ። ጥቁር ወጣቶች ደግሞ በአብዛኛው በተለየ ካምፕ ነበር የሚያገለግሉት። መልካም ሥራም ቢሆን ማን የት ተመደበ፣ ማንስ መሪ ሆነ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወላጆቻችን ወደመጡበት አገር ስንመለስም ነገሩ ያው ነው። በ1890ዎቹ ሌላ የአውስትራሊያ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብሎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው አስርት ዓመት እዚህ ሐዴራ ላይ ረግረግ እንዲያደርቅ ተተክሏል። በ2011 ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ታየ። ብዙ ቤተ እስራኤል ይኖሩበት በነበረው በደምቢያ በኩል ገበሬዎችና ወጣቶች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ጎትተው አውጥተውታል።

እንግዲህ ወደ ቀልዱ እንመለስ። አማርኛችን "መጤ" ሲል መምጣቱን ነው የሚከስሰው፤ የዕብራይስጡ "ሚን ፖሌሽ" ግን ወረራውን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያው ሺታ በትግራይ የተጎዳ መሬት እንዲያገግምና ለከብት መኖ እንዲሆን ይተከላል፤ እዚያ የሚፈለግ ዛፍ ነው። ኒጻኒም ላይ ችግሩ ከሩቅ መምጣቱ ሳይሆን ለሌላው ቦታ አለመልቀቁ ነው። ሰው ደግሞ ዛፍ አይደለም። ስለዚህ ማንም "መጤ" ቢላችሁ፣ ከአሸዋው ላይ የተማራችሁት ነገር እሱን አይደግፈውም።

አያቲቱ ያነሱትም ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍጓቸው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው አርሰዋል፤ ብረት ቀጥቅጠዋል፣ ሸክላ ሠርተዋል። በ1975 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1967) የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የሚያርሱት መሬት የራሳቸው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ በኋላ የልጅ ልጅ መጋዝ ይዛ የማንም ያልሆነ አሸዋ ላይ ስትውል ማየት ያስከፋል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ጥብቅ መሬት የማንም ርስት ስላልሆነ የሁሉም አደራ ነው። አደራ ተቀባይ ደግሞ ጉልበቱን ብቻ አይሰጥም። በአገልግሎት ዓመታችሁ ካርታውን ማንበብ፣ ዕፅዋቱን መለየት፣ ቡድን መምራት ካልተማራችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ቅርንጫፍ ተሸክማችሁ ብቻ አትመለሱ።

በመጨረሻ ልጅቷ አያቷን አንድ አርብ ጠዋት ወደ ኒጻኒም ይዛቸው ሄደች፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። እማማ ዛፉን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው አበባውን ዳሰሱ፣ ከዚያ "ፍሬው የሚረግፈው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። ልጅቷ "በበጋ" አለቻቸው። "እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ? ሳይረግፍ ነዋ የሚቆረጠው!" አሉ። በሥልጠናዋ የተማረችው ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያ ደብተሯን አውጥታ አያቷን ስለ ደምቢያ እርሻ ትጠይቃቸው ጀመር።