ሰዓት ያዡ

የእግር ኳስ ሕግ በወረቀት ተጽፎ ሳይደርሰን፣ አባቶቻችን በገና ዕለት ሩሯን ሲያሳድዱ የሚውሉት በፀሐይ ነበር። ምሽቱ ሩሯን ከዓይን ሲሰውራት ጨዋታው ያበቃል። በቤተ ክርስቲያንም የጾሙ ሰዓት መድረሱ የሚታወቀው የገዛ ጥላን በጫማ በመስፈር ነበር። ጥላ ለማንም አያዳላም፤ የተጠራጠረ ሁሉ ቆሞ ሊሰፍረው ይችላል።

እግር ኳስ ግን ጊዜን ለአንድ ሰው አደራ ሰጠ። ሕጉ ሁለት 45 ደቂቃዎችን ደንግጎ፣ የባከነውን ሰዓት ቆጥሮ መጨመርን ለዳኛው ተወው። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታው 40፣ 40 ደቂቃ ሲሆን፣ ጎል በተቆጠረ ቁጥር ሰዓቱ ይቆማል፤ ሰሌዳ ባለበት ሜዳም ተመልካቹ ሁሉ ያየዋል። እኛ ዘንድ ሰዓቱ ያለው በአንድ ሰው ክንድ ላይ ነበር።

ቢቸና ተማሪ ሳለሁ ከሞጣ ከመጡ ልጆች ጋር ተጋጠምን። ያጫወቱን መምህር የእጅ ሰዓታቸው እንዳይሰበርባቸው አውልቀው ለእኔ፣ ለተቀያሪው ሰጡኝ። «ሲሞላ እጅህን አንሣ» አሉኝ። 2 ለ 1 እየመራን ሳለ ሞጣዎች የግባችንን አፍ ከበው ያዙ። ገና 4 ደቂቃ ይቀር ነበር። እጄን አነሣሁ። መምህሩ አምነውኝ ፊሽካውን ነፉ።

ጓደኞቼ እየጨፈሩ ተሸከሙኝ። ከሞጣ ልጆች አንዱ ግን ባለበት ቆሞ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጥላውን። ምንም አልተናገረም።

ከዓመታት በኋላ ስለ 1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሳነብ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድናችን ከግብፅ ጋር ተጫወተ። በ74ኛው ደቂቃ አቻ ብንሆንም በ75ኛው እንደገና ተመራን። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው፣ በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2 አሸነፍን። እስከ ዛሬ ያለን ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ያ ነው።

በዚያ ቀን እንደ እኔ ያለ ሰዓት ያዥ ለግብፅ አድልቶ በ83ኛው ደቂቃ እጁን ቢያነሣ ኖሮ፣ ዋንጫው ካይሮ በገባ ነበር። ሞጣዎች በዚያች 4 ደቂቃ ያገቡ ነበር አልልም፤ ምናልባት እኛው እናሸንፍ ነበር። ነገር ግን ያንን የማወቅ መብት የእነርሱም የእኛም ነበር፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ሰዓታቸውን ሲቀበሉኝ እንኳ አላዩትም፤ በክንዳቸው አሠሩትና «ጎበዝ» አሉኝ።