«አኤሊታ» (1924)፤ ከታላቅነት ደጃፍ የተመለሰ ፊልም

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በ1924 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሞስኮ ለሕዝብ የታየውን «አኤሊታ» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ታሪኩ የሳይንስ ልብ ወለድም የፍቅር ታሪክም ነው፤ ሎስ የተባለ የሞስኮ መሐንዲስ በማርስ ፕላኔት ላይ የምትኖረውን ንግሥት አኤሊታን ያፈቅራል። ስለ ፊልም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስሙን ሳይጠሩት አያልፉም፤ ይሁን እንጂ ከታላላቆቹ ተርታ አያሰልፉትም። ምክንያቱ በኛ አስተያየት የሚገኘው በፊልሙ የመጨረሻ ደቂቃዎች ነው።

አዘጋጁ ያኮቭ ፕሮታዛኖቭ ከአብዮቱ በፊት ስመ ጥር ነበር። በ1920 አገሩን ለቆ በፓሪስና በበርሊን ከሠራ በኋላ በ1923 ተመለሰ። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈው አሌክሴይ ቶልስቶይም (የ«ጦርነትና ሰላም» ደራሲ ሌላ ሰው ነው) እንዲሁ በስደት ቆይቶ በዚያው ዓመት አገሩ ገባ። እንግዲህ ሁለቱም ለአዲሱ መንግሥት ታማኝነታቸውን ማሳየት የሚገባቸው ሰዎች ነበሩ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ፊልሙ ለማርስ ያልቈጠበው ነገር የለም። ልብሱን የነደፈችው ሠዓሊዋ አሌክሳንድራ ኤክስተር ናት፤ የንግሥቲቱ ራስ ጌጥ እንደ ጨረር ወደ ላይ የተዘረጋ ነው፤ የገረዷም ሱሪ ከደረቅ ዘንጎች የተሠራ ስለ ሆነ ስትራመድ እንደ መሣሪያ ትታያለች። የማርስ ገዢዎች የማይፈልጓቸውን ሠራተኞች እንደ ዕቃ በቀዝቃዛ ክፍል ያከማቻሉ። አኤሊታ ግን በመነጽር ወደ ምድር ትመለከታለች፤ ሎስ ሚስቱን ናታሻን ሲስማት አይታ፥ እርስዋም ያንኑ ትመኛለች። ከንፈር ለከንፈር መገናኘት ምን እንደ ሆነ በማያውቅ ዓለም ውስጥ መሳምን የምትጠይቅ ንግሥት! ከዚህ የተሻለ መነሻ ለፍቅር ታሪክ አይገኝም።

ልብ ወለዱና ፊልሙ የሚለያዩትም ከዚህ ወዲያ ነው። በቶልስቶይ መጽሐፍ ሎስ በእርግጥ ማርስ ይደርሳል፤ አመፁ ከከሸፈ በኋላ ወደ ምድር ተመልሶ ሳለ የአኤሊታ ድምፅ በራዲዮ ሲጠራው ይሰማል፤ መጽሐፉም በዚያው ጥሪ ይዘጋል። ፊልሙም በራዲዮ ይጀምራል፤ «አንታ ኦዴሊ ኡታ» የሚል ማንም ያልተረዳው ቃል የዓለም ጣቢያዎች ይቀበላሉ፤ ሎስም ከማርስ የመጣ ነው ብሎ ያልማል። በቅናት ተነሥቶ ሚስቱን በጥይት መታሁ ብሎ ይሸሻል፤ ወደ ማርስ ይበርራል፤ አመፅ ይነሣል፤ አኤሊታም ሥልጣን ከያዘች በኋላ ወታደሮቹን በሠራተኞች ላይ ታዞራለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሎስ ራሱን በባቡር ጣቢያ ያገኘዋል። የዚያ የማይታወቅ ቃል ምሥጢር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ነበር። ሚስቱም አልሞተችም። መሐንዲሱ የበረራውን ንድፍ እሳት ውስጥ ይጥላል፤ ሌላ ሥራ ይጠብቀናልና ማለም ይብቃን ይላል።

በመጽሐፉ የፍቅር ድምፅ የሆነው ራዲዮ በፊልሙ የጎማ ነጋዴ ሆነ! ቀልዱ ብልኅ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ተመልካቹ በንግሥቲቱ እንዲያምን ከተደረገ በኋላ ያመነው እንደ ጥፋት ተቈጥሮ ይገሠጻል። አንዳንዶች ሕልምነቱ ከጅምሩ ተጠቁሟል ብለው ይከራከሩ ይሆናል። መጠቆሙ እውነት ነው፤ ጥያቄያችን ግን ፊልሙ ሕልሙን ለምን ፈራው ነው። መፍራቱም ቢሆን አልጠቀመውም፤ የዘመኑ ሶቪየት ሐያስያን ወጪው በዛ፥ ሐሳቡም የጠራ አይደለም እያሉ ነቀፉት።

ስንት ሰው አኤሊታን ሲያደንቅ ሞስኮን ይረሳል! በ1921 የተጀመረው አዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የነበረበት ዘመን፥ የጠበበው መኖሪያ ቤት፥ አጭበርባሪው ነጋዴ፥ ስደተኞች የሚጐርፉበት ባቡር ጣቢያ፥ ይህ ሁሉ ከማርስ ይልቅ ሕያው ነው። ፕሮታዛኖቭ በዚያ ሲደርስ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ናታሻንም ከንግሥቲቱ አብልጦ ይወዳታል ብለን እናምናለን። ሁለቱን ሴቶች እኩል ሊወዳቸው ቢደፍር ኖሮ ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር።

አኤሊታን ሆና የተጫወተችው ዩልያ ሶልንፀቫ ኋላ ራስዋ የፊልም አዘጋጅ ሆነች፤ በ1961ም በካን ፌስቲቫል የምርጥ አዘጋጅነትን ሽልማት ተቀበለች።