ኮሮጆው ከጠመንጃው በኋላ፦ ከሰገሌ እስከ ሸዋ ሮቢት

በኢትዮጵያ የምርጫ ታሪክ ውስጥ የሸዋ ሮቢት ስም የሚነሣው ኮሮጆ ተከፍቶ ድምፅ በተቆጠረበት ቀን አይደለም፤ ቆጠራው ካወዛገበ በኋላ ነው። የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ያስነሣው ተቃውሞ አዲስ አበባን ሲንጣት፣ ከየሰፈሩ የታፈሱት ወጣቶች በመኪና እየተጫኑ ከተወሰዱባቸው ቦታዎች መካከል ዝዋይ፣ ዴዴሳና ሸዋ ሮቢት ይገኙበታል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የሚጠማዘዘው መንገድ ደጋውን ጥሎ ቆላ ሲገባ የሚያገኛት ይህች የሮቢ ወንዝ ዳር ከተማ ለመንገደኛ የማንጎና የሽንኩርት፣ ለነጋዴ የማሾ አገር ናት፤ የትምባሆ እርሻዋም የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ታፍሶ ለመጣ እስረኛ ግን ሙቀቷና ወባዋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንቅ አመላላሽ እናት በቀላሉ የማትደርስበት ርቀቷ ነው የሚታወሰው። ይህን ማንሣት ከተማዋ ያለችበትን የይፋትን ሰው በወኅኒ ቤቱ ለማማት አይደለም። ወኅኒ ቤቱን እዚያ ያኖረው የይፋት ገበሬ አልነበረም።

የተካረረ ምርጫ ሁሉ መጨረሻው ወደ ጦር ሰፈርና ወደ እስር ቤት የሚወርደው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወታደሩ ፖለቲካ ውስጥ እጁን ስለሚያስገባ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለታይላንድ ሳይሠራ አይቀርም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1932 ፍጹማዊው ንጉሣዊ አገዛዝ ካበቃ ወዲህ ሠራዊቱ ከ10 ጊዜ በላይ መንግሥት ገልብጧል፤ የቅርቦቹ የ2006 እና የ2014 ናቸው። የ2014ቱ መሪ ጄኔራል ፕራዩት ቻንኦቻ ያስጻፉት ሕገ መንግሥት ጁንታው የመረጣቸው 250 ሴናተሮች በጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ ላይ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ በ2023 ከ500 የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 151 አሸንፎ አንደኛ የወጣው ሙቭ ፎርዋርድ ፓርቲም መንግሥት ሳይመሠርት ቀረ፣ በዓመቱ በፍርድ ቤት ፈረሰ። የታይላንድ ጄኔራል እንግዲህ ከሰፈሩ ወጥቶ፣ ሕዝብ የሰጠውን ድምፅ ቀምቶ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። እጅ ለማስገባት ግን መጀመሪያ ውጭ መሆን ያስፈልጋል። የእኛ አገር ሠራዊት ከፖለቲካው ውጭ ቆሞ አያውቅም፤ ገዥውን ያመጣው እሱ ነው፣ ምርጫውን የጠራው ደግሞ ያ ገዥ ነው። ስለዚህ እዚህ ድምፅ የሚቀለበስበት አጋጣሚ እምብዛም ነው፤ ገና ከመሰጠቱ በፊት ዳርቻው ተከልሎ ያድራል።

ለዚህ የይፋትና የሰሜን ሸዋ ምድር ጥሩ ምስክር ነው፤ ከወሎ ወደ መሀል አገር የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋልና። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስና የመሀል ሰፋሪ ጦር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ለንግሥትነት፣ ተፈሪ መኮንንን ለአልጋ ወራሽነት መረጡ። የዚያን ጊዜው «ምርጫ» ይኸው ነበር። ይሁንና የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ሲነሡ ምርጫው እንደገና ለክርክር ቀረበ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ከነሠራዊታቸው አለቁ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ፤ ልጅ ኢያሱም ወደ አፋር ቆላ ሸሹ። መስከረም ላይ የተባለው ነገር እውነት የሆነው ጥቅምት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1910 ዓ.ም. ያው መሀል ሰፋሪ በአደባባይ ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩለት ጠየቀ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተሻሩ። ደመወዝተኛ ወታደር ተሰብስቦ፣ አቤቱታ ጽፎ፣ ካቢኔ ሲያፈርስ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው የምንለው ሰዎች ይህችን ታሪክ ብናስታውሳት መልካም ነበር።

የዘውድ ሽኩቻን ከሕዝብ ምርጫ ጋር ማያያዝ ተገቢ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። በሰገሌ ገበሬው የዘመተው ጌታውን ተከትሎ እንጂ ዜጋ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ምርጫ በዘመናዊ ትርጉሙ ሲመጣስ በምን ላይ ተተከለ? የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡለት ደነገገ። ሕዝብ በቀጥታ የመረጠበት የመጀመሪያው ድምፅ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተሰጠ፤ ፓርቲ ግን አልተፈቀደም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ ነገሩ የተቋጨው በክብር ዘበኛና በጦር ሠራዊት መካከል ነበር። የሕዝብ ተወካዮች የተባሉት በዚያ ጉዳይ ላይ አንድ የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ደግሞ ከ100 የሚበልጡ አባላት የነበሩት ደርግ ንጉሡን አውርዶ ምክር ቤቱን ሲዘጋ፣ በሕዝብ የተመረጠ ነውና አይዘጋም ብሎ አደባባይ የወጣ ሰልፍ አልታየም። ይህ የሚነግረን ነገር አለ፤ ያ ምክር ቤት የቆመው በመራጩ ላይ አልነበረም።

ደርግ ራሱ ወደ ኮሮጆው የመጣው 12 ዓመት ዘግይቶ ነው። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶው ደግፏል ተባለ። ሰኔ 7 ቀን ለብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫዎች ድምፅ ተሰጠ፤ ዕጩ ማቅረብ ይችሉ ከነበሩት መካከል የጦር ክፍሎችም ነበሩበት። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ብዙ ማተት አያስፈልገውም፤ ማንም ያሸነፈም የተሸነፈም ሰው የሌለበት ምርጫ ነበር።

የባሰው ጥያቄ የመጣው ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አሁን እውነተኛ ተፎካካሪዎች ነበሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው የደርግ ሠራዊት ተበተነ። በ1984 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ደርግን ያሸነፈው ግንባር፣ የኢሕአዴግ፣ ሠራዊት የሽግግር መንግሥቱ መከላከያ ሆነ። አንድ ተወዳዳሪ ፓርቲ የነበረው ታጣቂ የዳኛው ታጣቂ ተባለ ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልል ምርጫ ሲደረግ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ቀናት ሲቀሩት ከውድድሩ ወጣ፤ ወደ ካምፕ ገብተው የነበሩ ተዋጊዎቹ ተመቱ፣ ብዙዎቹም ተማረኩ። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትም ከምርጫው ውጭ ሆነ፤ መሪው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ከተከሰሱባቸው ጉዳዮች አንዱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረጉት ንግግር ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ጥሩ ቃል ነው። ግን ያን ቃል ያጸደቀው ጉባኤ ሲሰበሰብ ሠራዊቱ ገና ከግንባሩ ማኅፀን አልወጣም ነበር።

ወደ 1997 እንመለስ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይቋጠራልና። ግንቦት 7 ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፈ። በይፋ ውጤቱ ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫዎች 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ቅንጅት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። ተቃዋሚዎቹ ተጭበርብረናል አሉ፤ ሰኔ 1 ቀንና በ1998 ጥቅምት ወር ደም ፈሰሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን መዘገበ፤ የታሰሩት በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። የኃይል እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር ወይ በሚለው ላይ ኮሚሽኑ ራሱ ተከፈለ፤ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጥተው ከይፋ ሪፖርቱ የተለየ ድምዳሜ ተናገሩ።

የመንግሥት ወገን መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ ተቃዋሚው ፓርላማ አልገባም ብሎ ጎዳና መረጠ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ ፖሊስም ሞተ፣ ስለዚህ የተደረገው ሥርዓት ማስከበር ነው። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አለ። የቅንጅት አመራር እርስ በርሱ መስማማት አቅቶት ነበር፤ የከተማዋን አስተዳደር አለመረከቡም ዛሬ ድረስ የሚያከራክር ውሳኔ ነው። ነገር ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ የከለከሉትና የመዲናዋን የጸጥታ ኃይል በቀጥታ በራሳቸው ሥር ያደረጉት በዚያው በግንቦት 7 ምሽት ነው። ድንጋይ ገና አልተወረወረም። ፓርላማ አልገባም ያለ ሰው ገና አልነበረም፤ ቆጠራው ራሱ አላለቀም። ጦሩ ለብጥብጡ መልስ ሆኖ መጣ የሚለው ክርክር በዚያች አንዲት ምሽት ላይ ይሰናከላል። ሸዋ ሮቢት የወረዱት ልጆች ዕጣ የተወሰነው በሰኔ ሳይሆን በግንቦት ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሁለት ምርጫዎች ጠመንጃው መታየት አላስፈለገውም። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ሁሉንም። ይህን የሠራዊቱ ሳይሆን የልማቱና የድርጅታዊ ብቃቱ ውጤት አድርገው የሚያዩ አሉ። ልማቱን መካድ አይቻልም፤ ግን መቶ በመቶ የተመረጠ መንግሥት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው፣ መስከረም 2009 ላይ፣ በኦሮሚያና በአማራ የተነሣበትን ሕዝብ ለማስቆም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከአዋጁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሲቃጠል እስረኞቹ ከተዘዋወሩባቸው ቦታዎች አንዱ አሁንም ሸዋ ሮቢት ነበር፤ በቃጠሎው የተከሰሱት ሰዎች እዚያ ተደብድበናል ብለው ለፍርድ ቤት አመለከቱ።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ይህ ሁሉ ተለውጧል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ሠራዊቱ ታደሰ፣ የምርጫ ቦርድ አዲስ አመራር አገኘ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ብዙ ሰው በሰላም ተሰልፎ መረጠ፤ ገዥው ብልጽግና ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410 ሲያገኝ እንደ 1997 ያለ ደም አልፈሰሰም። ልብ ያለ አንባቢ ቀኑ ከ1984ቱ ጋር አንድ መሆኑን ያያል፤ አጋጣሚ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ትጥቁ ከአንድ እጅ ወደ ብዙ እጅ ሄዶ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ሲገደሉ፣ መንግሥት በድርጊቱ የጠቀሰው የክልሉን የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌን ነው። ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻ፣ መደበኛ ሠራዊትና ሸማቂ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ደግሞ ይፋት አሳየ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፣ ካራቆሬና ሸዋ ሮቢት ታመሱ፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ።

እዚያ ሠራዊቱ የገባው ሰው ለመታደግ ነው የሚባለው ትክክል ነው፤ የአጣዬ ነዋሪ መከላከያ ዘግይቶ ደረሰ ብሎ አማረረ እንጂ ለምን መጣ አላለም። ኮማንድ ፖስቱ ምርጫ ሊያጭበረብር አልተቋቋመም። ነገር ግን አንድ ቀበሌ መምረጥ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው የምርጫ ክልል ጥያቄ የጸጥታ ሪፖርት ጥያቄ ሆነ፤ በይፋት ቆላ ካሉት የምርጫ ክልሎች አንዳንዶቹም በዚያ ሰኔ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ከአምስት ወር በኋላ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ራሱ ከወሎ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ መንግሥት ከተማዋን ማስለቀቁን ያስታወቀው በኅዳር 2014 ነበር። መንገዱ ያው የ1909 መንገድ ነው፤ ከወሎ ወደ ሸዋ።

በ2015 መጋቢት የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ የሚለው ውሳኔ ትጥቅን ወደ አንድ እጅ ለመመለስ የታሰበ ነበር። በአማራ ክልል ግን ተቃውሞ ቀሰቀሰ፣ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ መጀመሪያ መንግሥት ከፋኖ ታጣቂዎች ነፃ ወጡ ብሎ ከዘረዘራቸው ስድስት ከተሞች፣ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ብርሃንና ከላሊበላ ቀጥሎ ሸዋ ሮቢት ነበረች፤ የሰዓት እላፊም ተጣለባት። ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ቀሪ ምርጫ ያደረገው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋር፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ነው። ከይፋት በ2013 ሳይመረጥባቸው የቀሩት ወንበሮች በዚያ ቀንም ባለቤት አላገኙም።