ክሩን ማን ገመደው?

በአማርኛ አንድን ሰው «ማተብ የለውም» ካልን ስለ አንገቱ እያወራን አይደለም። ቃሉን የማይጠብቅ፣ የማለበትን የሚያፈርስ ሰው ነው ማለታችን ነው። «ማተቡን በጠሰ» ከተባለማ ነገሩ ይከፋል፤ ሃይማኖቱን ካደ፣ ወገኑን ከዳ እንደ ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በጥቂት ብር የምትገዛ ክር ይህን ሁሉ ሸክም እንዴት ልትችለው ቻለች?

ከቃሉ እንጀምር። ማተብ ከግዕዙ ማዕተብ የመጣ ነው። ዐተበ ማለት ምልክት አደረገ፣ አተመ፣ በመስቀል ምልክት ባረከ ማለት ሲሆን ማዕተብ ደግሞ ማኅተም፣ ምልክት ነው። ፊታችን ላይ መስቀል ስንሠራ «አማተብን» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ክሩ አንገቷ ላይ ይታሰራል። ደብዳቤ ማኅተም ሲያርፍበት ከማን እንደመጣ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ሕፃኗም ከዚያ ቀን ጀምሮ የማን እንደሆነች ትታወቃለች። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ልማዱን በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከሶርያዊው ከያዕቆብ ዘእልበረዳይ ጋር አያይዘው ይተርኩታል፤ ሦስት ቀለም ያለው ክር አንድ ላይ መገመዱንም በሥላሴ ይመስሉታል።

በኛ አገር ሃይማኖትን በሰውነት ላይ ማሳየት የቆየ ነገር ነው። ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ እጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት አውሮፓውያን ተጓዦች ደግሞ ክርስቲያኑን ከሌላው የሚለየው አንገቱ ላይ ያለው ሰማያዊ የሐር ክር እንደሆነ ደጋግመው ጽፈዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ስሙንም ሳይናገር፣ ክሩ ቀድሞ ይናገርለት ነበር።

ግን ማተብ ትርጉም ከመሆኑ በፊት የእጅ ሥራ ነው። አንድ ነጠላ ክር በላብና በፍትጊያ ቶሎ ይበጠሳል። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ዘለላ እንደ ሹሩባ እየተሻገረ ሲጎነጎን ግን ሸክሙን ይካፈላል። አንዱ ቢላላ ሌሎቹ ይይዙታል። ክብ ስለሆነም አንገት አይቆርጥም፤ ሲተኙበት አይቆረቁርም። ከሕፃንነት እስከ መቃብር ቀንና ሌሊት ለማይወልቅ ጌጥ ከዚህ የተሻለ ማንጠልጠያ ማግኘት ከባድ ነው። የብር ሰንሰለት ያማረ ቢሆንም እንደ ክር እሺ አይልም።

መቼም ክሩ ባዶውን አይኖርም። ከመስቀሉ ሌላ ቀለበት ይንጠለጠልበታል፤ ጣት ላይ ሳይሆን ደረት ላይ የሚውል የብር ቀለበት። ትንሽ ማንኪያ የምትመስል፣ ጫፏ በጌጥ የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫም አለች። ጥቃቅን የብር ቃጭሎች አሉ። በቆዳ የተሰፋ ክታብም አለ፤ ካህናቱ ቢያወግዙትም ከመስቀሉ ጎን የኖረ ነው። አንድ የቆየ ማተብ የባለቤቱን እምነት፣ ትዳር፣ ፍርሃትና ንጽሕና በአንድ ክር ላይ ሰብስቦ ያሳይ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብር ከየት መጣ? ባብዛኛው ከገንዘብ። አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት ሳንቲም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ብትሞትም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለረጅም ዘመን መመታቱን ቀጠለ። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። በቀይ ባሕር በኩል እየገባ ገበያውን ሲሞላው አንጥረኛውም ጥሬ ዕቃ አገኘ። ሳንቲሙን ወይ አቅልጦ በሰም በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ያፈሰዋል፣ ወይ ቀጥቅጦ አሳስቶ በመስቀል ቅርጽ ይቆርጠዋል። አንዳንዴም ብሩን እንደ ሽቦ አቅጥኖ ሁለቱን ዘለላ ይገምድና የመስቀሉን ጠርዝ ይከብበታል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ብረቱ ራሱ ክር ለመምሰል ሲጣጣር ታገኙታላችሁ። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. አዲሱን የኢትዮጵያ ብር ሲያውጅ ማርትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጣ፤ በአንገታችን ግን አሁንም አለ።

ሐሩስ? ሐር በደጋው አይመረትም ነበር። ከባሕር ማዶ ወደ ምጽዋ መጥቶ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ዓድዋና ወደ ጎንደር ገበያ ይወጣል። ይህን የሩቅ መንገድ ንግድ በብዛት የያዙት ደግሞ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ጀበርቲዎቹ፣ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። አብሮ መብላትና መጋባት ቀድሞም ነውር ነበር፤ አሁን ጉርብትናውም ተከለከለ። ንግዱ ግን አልተከለከለም። ክርስቲያኑ «እኔ ከነሱ አይደለሁም» የሚልበት ሰማያዊ ሐር አንገቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ በነዚያው «እነሱ» በሚላቸው ሰዎች እጅ ያልፍ ነበር።

የሠሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ብር የሚያነጥረው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው ሰው «ቀጥቃጭ»፣ «ቁጢት በጣሽ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። መስቀሉን እንሳለማለን፤ የሠራውን እጅ ግን ዓይኑ ይበላል ብለን እንሸሸዋለን። ጌጡን ከሠሪው ለይቶ ማክበር የምንችልበት ሆኖ ነው የኖረው።

ክሩ ድንበር መሆኑ ከሁሉ በላይ የተፈተነው በወሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የቤተ ክርስቲያኑ የእምነት ክርክር ከተቋጨ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ወይ ክርስትና እንዲነሡ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ተነገራቸው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሡ፤ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ትእዛዙ ወደ ተራው ሕዝብ ሲወርድ ግን ብዙ ሰው ተሰደደ፣ ብዙ ሰውም አመጸ፤ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ የሃይማኖት መሪዎች ተቃውሞውን መሩ። ማተቡን ያሰረውም ቢሆን ሁሉም ልቡን አላሰረም። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የሚባለው ያኔ ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ግፊቱ ሲላላ ብዙዎች ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ።

ሚካኤል ግን በክርስትናቸው ጸኑ፤ ራስ ሆኑ፣ ኋላም ንጉሥ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የዐፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን ሲያወርዱት ዋናው ክሳቸው ምን ነበር? ሰልሟል የሚል ነው። አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ለኢያሱ ከገባው መሐላ ፈቱት። በአማርኛችን ስንለው፣ ማተቡን በጠሰ ስለተባለው ሰው የሕዝቡ ቃል ኪዳን ተፈታ። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ፣ ከወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በትእዛዝ ማተብ ያሰሩ አባት፣ ማተብህን በጠስህ ለተባለ ልጃቸው ሲዋጉ ወደቁ። የወሎን ታሪክ በአንድ ክር መተረክ ቢቻል ይህ ነው።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። ባለፉት አሥርት ዓመታት ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ከሄዱት ክርስቲያን እህቶቻችን ብዙዎቹ ሥራ ለማግኘት ስማቸውን ዘይነብ ወይም ፋጡማ አሰኝተው፣ ማተባቸውን ፈትተው ነው የሄዱት። በ1870ዎቹ ወሎ ላይ ሰው ሹመቱንና መሬቱን ላለማጣት ክር አሰረ፤ በኛ ዘመን ደግሞ ደመወዝ ለማግኘት ክር ፈታ። በሁለቱም ጊዜ አንገቱን የሚያየው ዓይን ጉልበት ያለው ነበር። እኛ ግን ያንን ዓይን ትተን «ማተብ የለውም» የምንለው አንገቱን ነው።

ማተብ ትርጉም የለውም እያልኩ አይደለም። በምርጫው ላሰረውና ብዙ ዋጋ ለከፈለበት ሰው ከነፍሱ ጋር የተገመደ ነው፤ እሱን ማቃለል ነውር ነው። ግን ክሩ አስሮ የሚያሳየን የአንድን ሰው ወገን ብቻ ሳይሆን ከዚያ አንገት ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለፈባቸውንም እጆች ነው። ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ ጎንጓኟ፣ ካህኑ፣ አበልጁ። ዛሬም ያው ነው፤ ከደጀ ሰላም የምንገዛው ጥቁር ክር ብዙ ጊዜ ናይለን ነው፣ መነሻውም እንደ ድሮው ሐር ባሕር ማዶ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ብዙ የአንገት መስቀሎች አሉት። ክር ይበሰብሳል፤ ብር ይቆያል። ስለዚህ የድሮ ክሮቹን ፍለጋ ከሄዳችሁ የምታገኙት ጥቂት ነው። የቆየ የብር መስቀል ካገኛችሁ ግን አናቱ ላይ ያለችውን ማንጠልጠያ ቀለበት እዩ። ክሩ ለዓመታት የተመላለሰባት በኩል ስታችኋለች፤ አንዳንዷማ ልትበጠስ ምንም አልቀራት። ለስላሳው ክር ጠንካራውን ብር በልቶታል። ያቺ የሳሳች ቦታ ማን ምን እንደነበረ አትናገርም። አንድ ሰው ተሸክሞት እንደኖረ ብቻ ነው የምትናገረው።